ለሰባት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ

ሰኞ፣ 3

ዛሬም አለ። ጠዋት ሁለቴ ታጠብኩ፣ በምሳ ሰዓት አንድ ጊዜ። ወረፋው እስከ በሩ ደርሷል። ማታ እጽፋለሁ።

ማታ። ከአሥር ቀን በላይ ሆነኝ። መጀመሪያ የወር አበባዬ ማብቂያ ነው ብዬ ተውኩት። ፈሳሹ ስስ ነው፣ ግራጫ ቢጤ። አያቆስልም፣ እምብዛም አያሳክክም። ክፋቱ ሽታው ነው። የዓሣ ሽታ ነው፤ ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ አልሆነልኝም። ወንበሬን ከራዲዮ ወንበር አንድ ክንድ አራቅኩት። ራዲዮ የምንላት አብራኝ ካርድ ክፍል የምትሠራዋን ነው፤ ጠዋት አንድ ነገር ከሰማች እስከ ምሳ ጤና ጣቢያው በሙሉ ይሰማዋል። ለምን እንደራቅኩ ስትጠይቀኝ «ፀሐዩ ነው» አልኳት። እኛ ክፍል ፀሐይ የሚገባው ከሰዓት በኋላ ነው። ይህን ያልኳት ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነበር።

አሥራ አራት ዓመት ጤና ጣቢያ ሠርቼ ለራሴ ካርድ ማውጣት አቃተኝ። ካርዱን ከመደርደሪያ የማወጣው እኔ ነኝ፣ መዝገብ ላይ የምታሰፍረው ራዲዮ ናት፣ የምትመረምረኝ ሐኪም ደግሞ በየቀኑ ምሳ አብራኝ የምትበላ ናት። በመስኮታችን መስታወት ላይ በትልልቅ ፊደል «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚል ተለጥፏል። ጽሑፉ የሚነበበው ውጭ ለቆመ ሰው ነው። ለእኛ የሚታየን የወረቀቱ ጀርባ ነው።

ረቡዕ፣ 5

እትዬ ጋ ደወልኩ። ታላቅ እህቴ ናት። ከባሏ ከተለያየች ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ብቻዋን ትኖራለች። «አንዲት የሥራ ባልደረባዬ እንዲህ እንዲህ ሆናለች» ብዬ ነገርኳት።

ሰማችኝና ጀመረች። «ለብ ባለ ውሃ ላይ ጨው ጨምራ ከውስጥ ትታጠብ፣ ጠዋትና ማታ። ካልለቀቃት ኮምጣጤ ጠብ ታድርግበት፤ ብዙ እንዳይሆን፣ ያቃጥላል። ሽቶ የሚባል ነገር እንዳታስጠጋ፣ ተቀላቅሎ ብሶ ይወጣል። ሰው መሐል ስትቀመጥ እግሯን አነባብራ ትቀመጥ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ ትያዝ። ለቅሶ ቤትና ሠርግ ቤት ደግሞ በር አጠገብ።»

ይሄን ሁሉ ከየት እንዳመጣችው ገረመኝ። እትዬ መቼም የማታውቀው ነገር የለም።

«ባልደረባሽ ባል አላት?» አለችኝ በመጨረሻ።

«አላት።»

«እንግዲያው ቶሎ ትታጠብ» ብላ ዘጋችው።

ዓርብ፣ 7

ዛሬ የጉድ ቀን ነው፣ ስልሳ ሰው ቆሞ። አንዲት ልጅ፣ ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው፣ አፏን መስኮቱ ላይ ለጥፋ ታንሾካሹካለች። «ምንሽን ነው የሚያምሽ? ጮክ በይ፣ አይሰማም» አልኳት። ከኋላዋ የቆመው ሰውዬ አንገቱን አሰገገ። «ትቼዋለሁ» ብላ ሄደች።

ምን ላድርግ? ቅጹ «የመጡበት ምክንያት» ይላል። ቅጹን እኔ አላወጣሁት።

ባለቤቴ ማታ ይመጣል። ጨው፣ ሦስተኛ ቀን።

ቅዳሜ፣ 8

ባለቤቴ ቀያሽ ነው። አዲስ መንገድ በሚሠራበት ሁሉ መሣሪያውን ተክሎ ሲለካ ይውላል። አሥራ አንድ ቀን ፊልድ ይቆይና ዓርብ ማታ ይገባል፣ ሰኞ ጠዋት ይሄዳል። ልጃችን ለትምህርት ሌላ ከተማ ከሄደች ወዲህ እነዚህ ሦስት ሌሊቶች የእኛ ናቸው፤ ሁለታችንም ቀን ቆጥረን ነው የምንጠብቃቸው።

ትናንት ራሴን አሞኛል ብዬ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ተኛሁ። ብርቱካን አምጥቶልኝ ነበር። ልጣጩን ሳይበጥስ አንድ ወጥ አድርጎ ላጠልኝ፤ ከተጫጨንበት ጊዜ ጀምሮ የማይተዋት ጉራው ናት። አንዷን ፍሬ በላሁና ተነሳሁ፣ አጠገቡ ብዙ መቀመጥ ስላልፈለግኩ።

«ምን ሆነሻል?» አለኝ።

«ምንም። ሥራ በዝቶብኝ ነው።»

ዛሬ ልብሱን ላጥብ ብዬ ቦርሳውን ከፈትኩ። ኪሶቹን ሁሉ አየሁ፤ ወረቀት ውሃ ውስጥ እንዳይገባ ነው። የሥራ ደብተሩንም ገለጥ ገለጥ አደረግኩ። ርቀት፣ ከፍታ፣ ማዕዘን፣ ቁጥር ብቻ ነው። የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ ስልክ ቁጥር ያለ ስም ተጽፏል። ምናልባት የሚያስፈልግ ቢሆን ብዬ ደወልኩ። ጎርናና የወንድ ድምፅ፣ «ውሃ ቦቴ፣ ማን ልበል?» አለኝ። ዘጋሁት።

ሰኞ፣ 10

ጠዋት ሄደ። ሲወጣ ግንባሬን ሳመኝ። እንደ እንግዳ።

ራዲዮ አንድ ካርድ እያነበበች ለጽዳት ሠራተኛዋ ስትነግር ሰማኋት። «ባሏ እኮ ሾፌር ነው። መንገድ የሚውል ወንድ ይዞ የሚገባው አቧራ ብቻ መሰለሽ?» ሁለቱም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ካርዱን ከእጇ ተቀብዬ ቦታው መለስኩት። ከሰዓት በኋላ ሳየው አንድ ረድፍ አሳስቼ ነው ያስቀመጥኩት። በአሥራ አራት ዓመት እንዲህ ተሳስቼ አላውቅም።

ሐሙስ፣ 13

ኮምጣጤ። ምነው በቀረብኝ።

ቅዳሜ፣ 15

ቆጥቁጦኝ አደረ። ሽታው ንቅንቅ አላለም፣ እንዲያውም ባሰበት። ሰኞ ሌላ ሐኪም ቤት እሄዳለሁ፣ ከተማውን አቋርጬ፣ ማንም የማያውቀኝ ዘንድ። ለራዲዮ ጥርሴን ልነቀል ነው አልኳት። «የቱን?» አለችኝ። ሳላስብ በቀኝ በኩል አንዱን አሳየኋት። ከዚያ በኋላ ምሳዬን ሁሉ በግራ ማኘክ ነበረብኝ።

ሰኞ፣ 17

በዝርዝር ልጻፈው፣ በኋላ እንዳላሳምረው።

ሁለት አውቶቡስ ተሳፍሬ ደረስኩ። ካርድ ክፍሉ ከእኛው አይለይም፤ ያው መስኮት፣ ያው እጅ ማስገቢያ ቀዳዳ። ውስጥ ያለው ወጣት ነው። የሴቶች ሐኪም እፈልጋለሁ አልኩት።

«እሱን ተረድቻለሁ፤ የመጡበት ምክንያት?»

«ፈሳሽ» አልኩ።

«ጮክ ብለው ይናገሩ፣ አይሰማም።»

ቃል በቃል የእኔው ነው። እሱ በአክብሮት ማለቱ ብቻ ነው የሚለየው። ከኋላዬ አምስት ስድስት ሰው አለ፤ ትንፋሻቸው ማጅራቴ ላይ ነው። «ትቼዋለሁ» የምትለዋ ቃል አፌ ድረስ መጣች። ከመሄድ ያስቀረኝ ድፍረት አይደለም፤ ያ ሁለት አውቶቡስ ነው። ዓይኔን በጨው አጥቤ «ፈሳሽ አለኝ» አልኩ፣ ጮክ ብዬ። ጻፈው፣ ካርዱን ሰጠኝ፣ «ቀጣይ» አለ። ያቺ ልጅ ግን እስከ ምርመራ ክፍሉ ድረስ ከፊቴ አልጠፋችም።

ሐኪሟ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው፣ መነጽራቸውን በክር አንገታቸው ላይ ያንጠለጠሉ። መጋረጃውን ጋርደው መረመሩኝ። በጥጥ ናሙና ወሰዱና ወደ ላብራቶሪ ላኩት። ግማሽ ሰዓት ጠብቄ ተመልሼ ገባሁ።

«በምን ነበር የምትታጠቢው?» አሉኝ።

«በጨው።»

«ሌላስ?»

«በኮምጣጤ።»

«ሰላጣ አደረግሽው በይኛ» አሉ ሳይስቁ። እኔን ግን ሳቄ አመለጠኝ፤ ከሦስት ሳምንት ወዲህ ከልቤ ስስቅ መጀመሪያዬ ነው።

ከዚያ አስረዱኝ። እዚያ ቦታ በተፈጥሮ የሚኖሩ ጠቃሚ ባክቴሪያዎች አሉ፤ እነሱ ሲያንሱ ሌሎቹ ይበዙና ሚዛኑ ይዛባል። በጣም የተለመደ ነው፤ ዛሬ ብቻ እኔ አራተኛዋ ነኝ። «ውስጡ ራሱን ያጸዳል። አንቺ ከውስጥ ስታጥቢው ጠባቂዎቹን ነው ጠርገሽ የምታወጫቸው። ከውጭ፣ በውሃ ብቻ፤ በቃ። ይሄ የንጽሕና ጉድለት አይደለም። ንጹሕ ሊሆኑ ሲሉ የሚያብሱት ናቸው የሚበዙት።»

«ከባል የሚመጣ ነው?» አልኳቸው።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ግንኙነት ሚዛኑን ሊነካው ይችላል። ግን ይሄን ውጤት ይዘሽ ባልሽ ከሌላ ሰው አምጥቶብኛል ብትይ ሐሰት ትመሰክሪያለሽ። የሚያጠራጥሩትን ሌሎቹን አይተናል፣ የሉብሽም።»

ለማወቅ ያህል ነው የጠየቅኩት። እኔ መቼም ጠርጥሬው አላውቅም።

ሜትሮኒዳዞል አዘዙልኝ። አንድ ፍሬ ጠዋት፣ አንድ ፍሬ ማታ፣ ለሰባት ቀን፣ ምግብ በልቼ። መጠጥ ክልክል። አፌ ብረት ብረት ሊለኝ፣ ሊያቅለሸልሸኝም ይችላል። ለባለቤቴ በአብዛኛው መድኃኒት አያስፈልገውም፤ ደጋግሞ ከተመለሰ ግን ያኔ ይታሰብበታል። በር ላይ ስደርስ ጠሩኝ። «በአራተኛው ቀን የዳንሽ ይመስልሻል። ያኔ ነው ሴቱ ሁሉ የሚያቋርጠው። ጨርሺው።»

የመጀመሪያውን ፍሬ ማታ ዋጥኩ። እሽጉን ክርና ቁልፍ የማኖርበት ቆርቆሮ ውስጥ ከተትኩት።

ረቡዕ፣ 19

ሳንቲም ስጠባ የዋልኩ ይመስለኛል። ራዲዮ «የተነቀለው ጥርስሽ እንዴት ሆነ?» አለችኝ። አፌን ሸፈን አድርጌ «እየሻረ ነው» አልኳት።

ሐሙስ፣ 20

ሽታው የለም። ሦስቴ አረጋገጥኩ። የለም። ወንበሬን ወደ ቦታው መለስኩ።

ዓርብ፣ 21

ባለቤቴ ገብቷል። ሻወር ቤት ነው። ሁለት ሰዓት ላይ መዋጥ ነበረብኝ። ቁልፍ የምተክል መስዬ ቆርቆሮውን ልከፍት ስል «በይ የእኔንም ሸሚዝ» ብሎ አመጣው። አጠገቤ ቁጭ ብሎ ስሰፋ አየኝ። ሸሚዙን ሰፋሁለት፣ ቆርቆሮውን ዘጋሁት። ነገ ጠዋት።

እሑድ፣ 23

ደህና ነኝ። ደህና ነን። ትናንት ብርቱካኑን ሙሉውን በላሁ።

ስምንት ፍሬ ወስጃለሁ፣ ስድስት ቀርቷል። መድኃኒት አይጣልም፣ ለሌላ ጊዜ ይሆናል። አቅለሽልሾኝም ነበር።

እሑድ፣ 30

ሽታው ተመልሷል።

ማክሰኞ፣ 2

እትዬ ደወለች። ሌላ ወሬ ሳታስቀድም «ባልደረባሽ እንዴት ሆነች?» አለችኝ።

«ሐኪም ዘንድ ሄደች፤ ኪኒን ሰጧት።»

«ኪኒን አለው እንዴ?» አለች።

«አለው። ለሰባት ቀን፣ በቀን ሁለት ጊዜ።»

«እና ለቀቃት?»

«ለቋት ነበር። እሷ ናት ሳትጨርስ የተወችው፤ ተመለሰባት።»

«ሞኝ ናት» አለች እትዬ። እንደገና «ሞኝ ናት» አለች። ተቆጥታ ነው። ለማታውቃት ሴት ይህን ያህል መናደዷ ገርሞኛል።

ዓርብ፣ 5

ዛሬ የሚመጣበት ቀን ነበር። ደውሎ ሥራው ለሁለት ሳምንት ተራዝሟል አለኝ። «እሺ» አልኩት። «እሺ ነው ያልሽው?» አለኝ። «ሥራ ነዋ፣ ምን ይደረጋል።»

ስልኩን ስዘጋ እፎይ አልኩ። እፎይ ማለቴን ልጽፈው አልፈለግኩም ነበር፣ ግን ብያለሁ።

ሰኞ፣ 8

ከባለቤቴ ጋር የሚሠራው ሜትር ያዥ ልጁን ሊያሳክም መጥቶ መስኮቴ ላይ አገኘሁት። ሥራው ተራዘመባችሁ አይደል አልኩት፣ ለወግ ያህል።

«ኧረ አልተራዘመም። እሱ ነው እንጂ በገዛ ፈቃዱ የሌላ ሰው ተራ ወስዶ የቀረው። ‹ቤት ሄጄ ምን አደርጋለሁ› ሲል ሰማሁት። ቀልዱን መስሎኝ ነበር።»

የልጁን የካርድ ቁጥር ሁለት ጊዜ ጠየቅኩት፣ ሁለቱንም ጊዜ አልሰማሁትም። ሦስተኛውን ጊዜ ልጁ ራሱ ነገረኝ።

ማክሰኞ፣ 9

ወደ ሐኪሟ ተመለስኩ።

«ስንት ፍሬ ዋጥሽ?»

«አሥራ አራት።»

ከመነጽራቸው በላይ አዩኝ። «ስንት?»

«ስምንት።»

አልተቆጡኝም። እንዲያውም ቢቆጡኝ ይቀለኝ ነበር። እንደገና መረመሩኝ፣ ውጤቱ ያው ነው። የቀሩትን ስድስት እንዳልነካ ነግረውኝ ሙሉውን ከመጀመሪያ አዘዙልኝ። «ለምን አቆምሽ?»

«ባለቤቴ መጣ። እንዲያየው አልፈለግኩም።»

«ቢያየው ምን ይላል?»

ሃያ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬ፣ ምን እንደሚል አላውቅም። ጠይቄው አላውቅማ።

«ሥራሽ የት ነው?» አሉኝ ሲጽፉ።

«ጤና ጣቢያ። ካርድ ክፍል።»

እስክሪብቷቸውን አስቀመጡ። «እና በራስሽ መስኮት ማለፍ አቅቶሽ ነው እዚህ ድረስ የመጣሽው?»

«አዎ ዶክተር።»

«ሌሎቹስ እንዴት ያልፉ ይሆን?» አሉ። እኔን ለመውቀስ አይመስለኝም፤ እንዲያው ለራሳቸው እንደማሰብ ብለው ነው። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ። የአውቶቡሱን መንገድ ሁሉ ያችኑ ጥያቄ ስመልስ ነበር።

ሐሙስ፣ 11

ከትናንት ጀምሮ «ምንሽን ነው» ብዬ አልጠይቅም። ስም፣ ዕድሜ፣ የቆየ ካርድ ካለ ቁጥሩ። የምክንያቱን ቦታ ባዶውን አልፋለሁ።

ከሰዓት በኋላ ኃላፊያችን አሥራ ስምንት ጎዶሎ ቅጽ ይዞ መጣ። «ይሄ ምንድን ነው?» አለ።

«ውስጥ ያለችው ነርስ ትሙላው። እሷ በር ዘግታ ነው የምትጠይቀው።»

«አሥራ አራት ዓመት ስትሞዪው ኖረሽ ዛሬ ምን መጣ?»

«ዛሬማ ምንም አልመጣም። እስከ ዛሬ ነው ያጠፋሁት።»

ቅጾቹን አገላበጠና «እናያለን» ብሎ ሄደ። እሱ እናያለን ካለ ወይ ይረሳዋል ወይ ይሆናል።

ራዲዮ ስትስቅ አንድ ካርድ ከእጇ ወሰድኩባትና «ይሄን ጮክ ብሎ ማንበብ ይቅር» አልኳት።

«አንቺም እኮ ትስቂ ነበር» አለችኝ።

እውነቷን ነው። እስቅ ነበር። ይህንኑ ነገርኳት። ኩርፊያዋ እስከ አሥር ሰዓት ቆየ፤ ከዚያ ግን ካርዶቹን ፊታቸውን ወደ ታች ደፍታ መደርደር ጀመረች።

ማክሰኞ፣ 16

ጠዋት አሥራ አራተኛዋን ዋጥኩ። ባዶውን እሽግ ጠረጴዛ ላይ ተውኩት።

ቅዳሜ፣ 20

ትናንት ማታ ገባ። ቦርሳውን በር አጠገብ አስቀምጦ ጫማውን ሳያወልቅ ወንበር ጫፍ ላይ ተቀመጠ፤ ልክ ጉዳይ ሊያስፈጽም እንደመጣ ሰው። ባዶውን እሽግ አየው፣ አነሳው፣ ስሙን አነበበው።

«ታመሽ ነበር?»

«አዎ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

ነገርኩት። ከወንበሩ ጀምሬ። ስለ ጨው፣ ስለ ኮምጣጤ፣ ስለ ሁለት አውቶቡስ፣ ስለ ስምንቱ ፍሬ። ሽታውን ስነግረው ያቺን አንድ ቃል ለማውጣት ሦስት ጊዜ ነው የጀመርኳት። እሱ እሽጉን በጣቱ እየጠቀጠቀ ያዳምጣል።

ስጨርስ እሽጉን ጠረጴዛው ላይ መለሰው። ከዚያ «ይሄው ነው?» አለኝ።

«ይሄው ነው።»

«እኔ ሰው ያለሽ መስሎኝ ነበር።» ይህን ሲል አላየኝም፣ እሽጉን ነው የሚያየው። «ስመጣ ትሸሺኛለሽ፣ ቀረሁ ስልሽ እሺ ትያለሽ። ከሁለት ሳምንት በፊት ሻንጣ ሳዘጋጅ፣ መጥቼ ጠይቄሽ ብትነግሪኝ ምን እንደማደርግ ስላላወቅኩ ነው የቀረሁት። ካላየሁሽ አትነግሪኝም ብዬ።»

እኔም ቦርሳውን እንደፈተሽኩ ነገርኩት። ስለ ውሃ ቦቴውም።

«ያ አንቺ ነሽ?» አለ። «ሰውዬው እኮ ‹የሆነች ሴት ደውላ ድምፄን ስትሰማ ዘጋችው፣ ሚስቴ ናት የምትሰልለኝ› ብሎ ሳምንት ሙሉ ሰላም አጥቶ ነበር።»

ሁለታችንም ሳቅን፤ ሳቁ ቶሎ አለቀ። ጫማውን አወለቀ። ሳህኖቹን እሱ አጠበ፣ እኔ አደረቅኩ። ለወደፊቱ እንዲህ እናደርጋለን ብለን አልተማማልንም። መብራት ሳጠፋ ብቻ «ሌላ ጊዜ ሲያምሽ አሞኛል በይኝ» አለኝ። «አንተም ስትጠረጥረኝ ጠርጥሬሻለሁ በለኝ» አልኩት። እሺ አለ።

እሑድ፣ 21

እትዬ ጋ ደወልኩ። «ያቺ ባልደረባዬ የምልሽ እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው ቀን። አንቺ ለባልደረባሽ ብለሽ እኔ ጋ ትደውያለሽ?»

እሷ ሳቀች፣ እኔ ግን ድንገት መሳቅ አቃተኝ። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት አጠገብ። ሠርግ ቤት በር አጠገብ። ባለፉት ስንት ዓመታት ቤተሰቡ ሲሰበሰብ እትዬ የት ትቀመጥ እንደነበር በዓይነ ኅሊናዬ ታየኝ። ሁልጊዜም ሙቀት አልችልም ትላለች።

«እትዬ» አልኩ፣ «አንቺስ ስንት ጊዜሽ ነው?»

ዘጋችብኝ ብዬ ነበር። ትንፋሿ ግን ይሰማኛል።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች። «ይሄዳል፣ ይመጣል። እታጠባለሁ፣ ይሄዳል፣ ይመጣል።»

«እሱስ ያውቅ ነበር?» ባሏን ማለቴ ነው። ለዘመድ ሁሉ የተነገረው ጠባያችን አልገጠመም የሚል ነው።

«ሌላ ሰው አለሽ አለኝ። የለኝም አላልኩትም። ሽታዬን ከሚያውቅ እንዲያ ብሎ ቢያስብ ይሻለኛል አልኩ።»

ምን እንዳልኳት አላስታውስም። በመጨረሻ እሷ ናት «ማክሰኞ መስኮት ላይ ነሽ?» ያለችኝ። ነኝ አልኳት።

ማክሰኞ፣ 23

መጣች። ጎን በር አለ፣ በእሱ ላስገባሽ ብላት እምቢ አለች፤ እንደ ሰው ወረፋ ያዘች። ሃያ ሁለተኛ ነበረች። ከመስኮቱ ሆኜ ወደ እኔ ስትጠጋ አንድ በአንድ ቆጠርኳት። ከፊቷ ሦስት ሰው ሲቀር ዞር ብላ በሩን አየችው። እጄ ቆመ። ራዲዮ አየችኝ፣ ወረፋውንም አየች፣ ምንም አልጠየቀችኝም፤ የእኔን ቅጾች ወደ ራሷ ስባ የሚቀጥለውን ሰው እሷ አስተናገደችልኝ።

እትዬ አልሄደችም።

«ዕድሜ?» አልኳት ተራዋ ሲደርስ።

«አርባ ስምንት።»

እኔ አርባ ሦስት ነኝ፤ በመሐላችን ዘጠኝ ዓመት አለ። ቀና ብዬ አየኋት። ዓይኗን አልሰበረችም። አርባ ስምንት ብዬ ጻፍኩ። «ለሐኪሟ ግን እውነቱን ንገሪያት» አልኳት ዝግ ብዬ።

«ከጠየቀችኝ» አለች።

ሌላ ምንም አልጠየቅኳትም። ካርዱን ሰጠኋት፤ በሁለት እጇ ይዛ ወደ ምርመራ ክፍሉ ገባች። በሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ማን መጥቶ ማን እንደሄደ ብጠየቅ አላውቅም።

ናሙና ወስደው ውጤት እስኪደርስ ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች፣ ሰው መሐል፣ ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አድርጋ። እንደገና ገባች። ስትወጣ ማዘዣ በእጇ ነው። ወረፋው ቀሎ ስለነበር ወጥቼ አጠገቧ ቁጭ አልኩ።

«ሰባት ቀን ነው?» አልኳት።

«ሰባት ቀን። በቀን ሁለት ጊዜ። ደግሞም ተመልሰሽ ነይ፣ ማየት አለብኝ ብላኛለች። በዚህ ዕድሜ ሌላ ነገርም እንዳይኖር ታረጋግጣለች።»

«ዕድሜሽን ነገርሻት?»

«ነገርኳት።»

ማዘዣውን አጣጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ አስገባችው፤ መልሳ አወጣችውና እንደገና አነበበችው።

«አሥራ አንድ ዓመት» አለች። ድምጿን ዝቅ አላደረገችም። «ጠየቀችኝ፣ መለስኩላት፣ አየችኝ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም።»

ፋርማሲ ድረስ ልሸኝሽ ብላት ራሴ እሄዳለሁ አለች። እስክትወጣ አየኋት። ከዚያ ካርዷን ይዤ ገባሁ፤ ቁጥሩን ፈለግኩና በቦታው፣ ከሌሎቹ መሐል አኖርኩት።